ፎቶሾፕ ስታክ ለሚያደርግባችሁ፦ አዲስ ራም ወይስ የተነቀለ?

የሰርግ ሰሞን ሲመጣ ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል። «ፎቶሾፕ ስታክ እያደረገብኝ ነው፣ ምን ራም ልግዛ?» ራም ማለት ኮምፒውተሩ የከፈታችሁትን ሥራ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። ጠያቂዎቹ እዚህ ድሬዳዋ የከዚራና የሳቢያን ፎቶ ቤት ልጆች ናቸው። ቤታቸው ቁጭ ብለው አልበም የሚሠሩም አሉ። ጀጎልን ሲያነሱ ውለው ከሐረር የሚደውሉም አይጠፉም። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መልሴን አላቆያችሁም። ከቢሮ ኮምፒውተር ላይ የተነቀለ ሳምሰንግ፣ ሃይኒክስ ወይም ማይክሮን ራም ግዙ። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁትን፣ በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ የታሸገውን «አዲስ» ለሻጩ ተዉለት። ከዚህ በታች ያለውን ማዳላት ካላችሁት፣ አዎ፣ አዳላለሁ።

መጠኑ ላይ ብዙ አልቆይም። አዶቢ ለፎቶሾፕ ትንሹ 8 ጊጋ ነው ይላል፤ የሚመክረው ግን 16 ነው። 8 የሚበቃው ክሮምና ቴሌግራም ላልከፈተ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አላውቅም። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ አንድ ፎቶ በ8 ቢት ሲከፈት ወደ 72 ሜጋባይት ራም ይይዛል። በ16 ቢት ከሆነ 144። ሌየር በደረባችሁ ቁጥር ይጨምራል። ራሙ ሲሞላ ፎቶሾፕ ትርፉን ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ዲስኩ የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሻይ አፍልታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ስለዚህ 16። 32 ፓኖራማ ለሚያገጣጥምና ትልልቅ ባነር ለሚሠራ ነው።

አሁን ወደ ዋጋ። የብር ቁጥር አልጽፍላችሁም፣ ምክንያቱም እስክታነቡት ይቀየራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ሻጩ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የዕለቱን ዶላር ያስባል። ይባስ ብሎ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንስቶ ራም በዓለም ዙሪያ ተወድዷል። ትልልቆቹ አምራቾች ምርታቸውን ወደ ኤአይ ዳታ ሴንተሮች ስላዞሩ ለእኛ የሚተርፈው ቀንሷል። «አምና እኮ በዚህ ገዝቼ ነበር» ብላችሁ ብትከራከሩ ትርፉ ድካም ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። የተጠየቅኩትን ዋጋ በጊጋው አካፍላለሁ። ለ8 ጊጋ የተባልኩትን ለ8፣ ለ16 የተባልኩትን ለ16። በጊጋ ስንት እንደሚወጣ ሳይታወቅ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ መከራከር በጨለማ መተኮስ ነው። ብዙ ጊዜ ለአንድ አዲስ 8 የሚጠየቀው ገንዘብ ሁለት የተነቀለ 8 ይገዛል፣ የባጃጅም ይተርፋል። ያ ማለት በአንድ ዋጋ 16 ሞላ ማለት ነው።

የተደበቁ ወጪዎችም አሉ። «የመግጠሚያ» የሚባለውን አትክፈሉ። ዴስክቶፕ ላይ ራም መግጠም ሽፋኑን ከፍቶ ስሎቱ (መሰኪያው) ላይ «ቋ» እስኪል መጫን ነው፣ ያውም ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ። ልዋጭም አለ። ሻጩ የድሮዋን 4 ጊጋ ተቀብሎ «ቀነስኩልህ» ይላል። ሲሰላ ለድሮዋ ራም የሰጣችሁ ምንም ነው። ትርፍ ስሎት ካላችሁ እዚያው ትቀመጥ፣ ከሌላችሁ መሳቢያ ውስጥ ትደር። የአዲስ አበባ ዋጋ ቀነስ ይላል፤ በአውቶብስ አስልካችሁ ካልሠራ ግን የመመለሻው ጣጣ ልዩነቱን ይበላዋል። እዚሁ ፊታችሁ ተሞክሮ የተገዛ ይሻላል።

«አዲሱ እኮ ጋራንቲ አለው» ትሉኝ ይሆናል። እንደ ኪንግስተን ያሉት አምራቾች ለአብዛኛው ራማቸው የዕድሜ ልክ ዋስትና መስጠታቸው እውነት ነው። እኛ ጋ ግን የሱቁ ጋራንቲ ነው የሚሠራው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ከበር እስክትወጡ ድረስ ነው። «አቦ፣ ወላሂ ኦርጅናል ነው!» የሚለው መሐላ ደረሰኝ አይሆንም። የኪንግስተን ስቲከር የተለጠፈበት ኮፒ ደግሞ ሞልቷል።

አንድ ወዳጄ የደረሰበትን ስሙ። አዲስ ተብሎ የታሸገ 16 ጊጋ ገዛ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት 16 ያሳያል፣ ሁሉም ሰላም። የሰርግ አልበም ሠርቶ ወደ ጄፔግ ሲያወጣ አንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀጭን ሐምራዊ መስመር ይጋረጣል። አንዱ ላይ ከሙሽሪት ቬሎ በታች ያለው ግማሽ ጭራሽ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ካሜራውን ጠረጠረ፣ ሚሞሪ ካርዱን ጠረጠረ፣ ፎቶሾፑን ደግሞ ጫነ። እኔ ጋ ሲያመጣው ስቲከሩን ቀስ አድርጌ ላጥኩት። ከሥሩ ስምንት ቺፖች አሉ። ስድስቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው። የሁለቱ ግን በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ገጹ ሻክሯል። ማለት ከሌላ ቦታ የተለቀሙ ናቸው። ሻጩ ስቲከሩ ተልጧልና አልመልስም አለ።

ለዚህ ነው የተነቀለውን የምመርጠው። የታወቀ ፋብሪካ ሠርቶት ለዴል ወይም ለኤችፒ የተሸጠ፣ ዓመታት ቢሮ ውስጥ የሠራ ራም ነው። ራም እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ በመሥራት ብዛት በቀላሉ አያረጅም። ዲዲአር3 (የድሮው የራም ትውልድ) ላይ ደግሞ ምርጫው ይበልጥ ግልጽ ነው። ዘመኑ ያለፈበት ነገር ስለሆነ፣ በማይታወቅ ስም «አዲስ» ተብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከተነቀለ ቺፕ የተገጣጠመ ነው። ለተነቀለ ቺፕ የአዲስ ዋጋ ለምን ይከፈላል?

የተነቀለውም ወጥመድ አለው። ከሁሉ የከፋው የሰርቨር (የትልልቅ ድርጅቶች ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ራም ነው። መጠኑ ትልቅ፣ ዋጋው እጅግ ርካሽ፣ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ግን አይነሳም። ሳምሰንግ ከሆነ ስቲከሩ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፦ በኤም393 ከጀመረ የሰርቨር ነው። ለዴስክቶፕ ኤም378፣ ለላፕቶፕ ኤም471 ፈልጉ። ሌላው በጣም የረከሰ የዴስክቶፕ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ነው። «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚባል ዓይነት አለ፣ ኢንቴል ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ አይሠራም። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፣ አንዳንዴም ራሱ አያውቅም።

ከመውጣታችሁ በፊት ማዘርቦርዳችሁ የሚቀበለውን እወቁ። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሚሞሪ የሚለውን ስትጫኑ ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይናገራል። ለምሳሌ በየቢሮው የማይጠፋው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ሁለት ስሎት ብቻ አለው፣ ጣሪያውም 16 ነው። እዚያ ላይ አንድ 4 መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለት ተመሳሳይ 8 ግዙና ጨርሱ።

ሙከራው ሱቁ ውስጥ ይሁን። ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዴስክቶፕም ቢሆን። 16 ብሎ ማሳየቱ በቂ እንዳልሆነ ከላይ አይታችኋል። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መሞከሪያ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱ። አንድ ዙር እስኪጨርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሻጩ ካጉረመረመ ቀብድ ያዙና ተቀመጡ። አንዲት ቀይ መስመር ከታየች መልሱለት። ጭራሽ ካልነሳ ግን ወዲያው አትፍረዱ። የድሬ አቧራ ብዙ ጥፋት የሌለበትን ራም አስወንጅሏል። ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ ፈተግ አድርጋችሁ፣ ብናኙን አራግፋችሁ መልሱና እንደገና ሞክሩ።

አዲስ ግዙ የምለው ዲዲአር5 (አዲሱን የራም ትውልድ) የሚቀበል ኮምፒውተር ለያዘ ሰው ብቻ ነው። እሱ ገና ስለሆነ የተነቀለው እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ ሲገኝም የዋጋው ልዩነት አያጓጓም። የታወቀ ስም ምረጡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጀርባውን ከፍታችሁ እዩ። ቀጫጭኖቹ ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ይሆናል። ስሎት ከሌለው ማንም «እጨምርልሃለሁ» ቢላችሁ አትስጡት። ያን ብር ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዙበት፤ ራም ሲሞላ ፎቶሾፕ የሚጽፍበት ቦታ ቢያንስ ፈጣን ይሆናል።