በክብደት ምድብ ወይስ በዕድሜ ምድብ? መቶ ኪሎ አካባቢ ለሆነ የትራያትሎን አማተር

በዚህ ዓመት ብቻ አምስት ሰዎች ይህንኑ ጠይቀውኛል። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ጃን ሜዳ አብረውኝ የሚሮጡ ናቸው፤ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት፤ የቀሩት ሁለቱ ክረምቱን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ዘመድ ጋ ሲያሳልፉ እግረ መንገዳቸውን አንድ የትራያትሎን (የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ) ውድድር ለመሞከር የሚያስቡ ጓደኞቼ ናቸው። ሁሉም የሚደውሉልኝ የምዝገባው ቅጽ ላይ ደርሰው ነው። «ዕድሜዬን ሞልቼ ነበር፤ ከሥሩ ክላይድስዴል የሚል ምርጫ መጣ። ልንካው ወይስ ልተወው?»

ክላይድስዴል ከዕድሜ ይልቅ በክብደት የሚወዳደሩበት የከባድ ወንዶች ምድብ ነው። ከክብደቱ ወሰን በግልጽ በላይ ከሆናችሁ ንኩት። እኔ ለሁለት ዓመት ሳልነካው ቀርቼ ያወጣሁትን ገንዘብ ዛሬም በደብተሬ ላይ ሳየው ያመኛል።

ሕጉ አጭር ነው። በአሜሪካ ውድድሮቹን የሚመራው ዩኤስኤ ትራያትሎን ለወንዶች ያስቀመጠው ወሰን 220 ፓውንድ ሲሆን ወደ ኪሎ ሲመለስ 99.8 ይሆናል። ለሴቶች 165 ፓውንድ፣ ማለትም 74.8 ኪሎ ነው። ቀድሞ 200 እና 150 ስለነበር የቆየ መረጃ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። ማኅበሩ የማይቆጣጠራቸው ውድድሮች ደግሞ የራሳቸውን ወሰን ያወጣሉ፤ ስለዚህ የምትሄዱበትን ውድድር ደንብ አንብቡ። የወንዶቹ ምድብ ስሙን ያገኘው ከስኮትላንድ የጋሪ ፈረስ ዝርያ ነው፤ የሴቶቹ አቴና ይባላል፤ የግሪኮች የጥበብና የጦርነት አምላክ ስም ነው። በክብደት የተመዘገበ ሰው በዚያው ውድድር በዕድሜ ምድብ አይሸለምም። ሁለቱን በአንድ ቀን መያዝ አይቻልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኔ በተመዘገብኩባቸው ውድድሮች ሁሉ የሁለቱ ምድቦች መመዝገቢያ ዋጋ አንድ ነው። ባለፈው የከፈልኩት 118 ዶላር ነበር፤ የማኅበሩ አባልነት ለብቻው ይጨመርበታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ 6,700 ብር ገደማ ይሆን ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ ተመላሽ ስለማይሆን ምድቡን ሳትወስኑ አትክፈሉ።

ዋጋው አንድ ከሆነ ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ልዩነቱ ምድቡ ከተመረጠ በኋላ ምን እንድትገዙ እንደሚገፋፋችሁ ነው። በዕድሜ ምድብ ከ40 እስከ 44 ባሉት ወንዶች መካከል ስቆም ከጎኔ ያሉት 68 እና 70 ኪሎ ነበሩ። እኔ 104። ዳገት ላይ በእነርሱ ፍጥነት ልውጣ ብል፣ ብስክሌቱን ጨምሬ ወደ ላይ የምገፋው 113 ኪሎ ሲሆን የእነርሱ 79 ነው፤ ስለዚህ ከ40 በመቶ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት ይኖርብኛል። ሜዳ ላይ ዋናው ባላጋራ ነፋስ ስለሆነ ያን ያህል አልጎዳም፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ስብ ይንሳፈፋል። ሩጫው ላይ ግን እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ይከፈልበታል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ከሰውነቴ ያልቀነስኩትን ከብስክሌቱ ልቀንስ ብዬ ተነሳሁ።

46,000 ብር። የካርቦን ቸርኬ፣ የፊትና የኋላ፣ የታወቀ ድርጅት ምልክት የተለጠፈበት። ያመጣልኝ ሰው «ኦሪጅናል ነው፤ ከዱባይ ነው» አለኝ። ከአሮጌው ጋር በሚዛን ሳስተያየው 600 ግራም ያህል ይቀንሳል። በደስታ ተኝቼ አደርኩ። ያላሰላሁት፣ ከ113 ኪሎ ላይ 600 ግራም ማለት ከግማሽ በመቶ እምብዛም እንደማይበልጥ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እንጦጦ ወጣሁና ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ጀመርኩ። ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው፣ ሰዉ፣ አህያው፣ እንጨት የተሸከሙት እናቶች ስላሉ ፍሬን ሳይዙ መውረድ አይቻልም። የእኔ ብስክሌት ፍሬን ቸርኬውን ራሱን የሚይዝ ዓይነት ነው፤ 113 ኪሎ ቁልቁል እየሄደ ሲያዝ ሙቀቱ በሙሉ እዚያው ላይ ያርፋል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ያስተላልፋል፤ ካርቦኑን አጣብቆ የያዘው ሙጫ ግን ሲግል ይለሰልሳል፤ በርካሽ የተሠራው ደግሞ ፈጥኖ። መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ የፊት ጎማው በፍሬኑ ውስጥ ሲያልፍ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአሜሪካ ኤምባሲ በላይ ሲደርስ ፈነዳ። የወደቅሁት ወደ ግራ ነው፤ በቀኝ ቢሆን ኖሮ ታክሲ ነበር። ክንዴ ላይ ስምንት ስፌት ተሰፋሁ። ቸርኬው እንደ እንጀራ ዓይን አረፋ አውጥቶ አብጦ ነበር።

ብስክሌቴን የሚሠራልኝ ሰው ቀድሞ ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አዲሱ ገበያ ተዛወረ። አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ይህ እኮ አይጠገንም። የጎማው ሽቦም ልኩ እዚህ አገር የለም» አለኝ። ቀጥሎ ቅጂ መሆኑን የምለይበትን አሳየኝ፦ ምልክቱ በጥፍር ሲፋቅ ተነሣ፤ የምርት ቁጥር የትም አልተቀረጸም፤ ደህና አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚገልጹት የሚችለው የክብደት መጠን አልተጻፈበትም። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ለከባዶቹ ከሁሉም ይበልጣል። ኦሪጅናል ቀላል ቸርኬም ቢሆን ሁሉም 104 ኪሎ ሰው አይሸከምም፤ ስንት ኪሎ እንደሚችል ሳትጠይቁ አንድ ብር አታውጡ።

በምትኩ ያሠራሁትን ልቁጠርላችሁ። ሁለት የአሉሚኒየም ቸርኬ በ3,200 ብር፣ 6,400። በአንዱ ጎማ 36፣ በሁለቱ 72 ሽቦ፣ አንዱ 45 ብር፣ 3,240። የመሐል እምብርቶቹ 5,000። የእጅ 1,500። ድምር 16,140 ብር። ስፋቱ 28 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ሁለት ጨመርኩ፤ 7,000። ከፋሲካ ወዲህ በዚያ ላይ ነኝ። አንድ ሽቦ ተበጥሷል፤ በ45 ብር ተተክቷል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰጥቼ ለምሳ ከመሄዴ በፊት ተቀብያለሁ። እዚህ አገር በማይጠገን ነገር ላይ መጓዝ ለእኔ ቀርቷል።

ኮርቻው አጭር ታሪክ ነው፤ ቅጂ ካርቦን፣ 4,200 ብር፣ በሁለት ወሩ ተሰነጠቀ። ጫማው ግን ሊነገር ይገባል። የዕድሜ ምድብ ሰዎች የሚያደርጉትን ባለ ወፍራም ሶል ጫማ ከመርካቶ በ6,500 ብር ገዛሁ። ሲነኩት ለስላሳ ነበር። 180 ኪሎ ሜትር ሳልሮጥበት ተረከዙ ወደ ውስጥ ተጣመመ፤ ጉልበቴም ተከተለው። ሲካፈል በኪሎ ሜትር 36 ብር። ቀጥሎ የእህቴ ባል ከሲልቨር ስፕሪንግ በ140 ዶላር ኦሪጅናል ላከልኝ፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሬ 18,000 ብር ገደማ ነበር፤ 650 ኪሎ ሜትር ሄዶልኛል። በኪሎ ሜትር 28 ብር። ርካሹ የቱ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ፤ የጉልበቴን ሐኪም ሒሳብ አልጨመርኩም።

እንግዲህ በዕድሜ ምድብ ዘመኔ ለቸርኬ፣ ለኮርቻና ለጫማ 56,700 ብር አወጣሁ። በዚያ ምድብ ከ46 ሰዎች 41ኛ ወጣሁ። በዓመቱ ቨርጂኒያ ላይ ባለ 36 ሽቦ ጎማዬን ይዤ፣ በእውነተኛ ክብደቴ፣ ክላይድስዴል ተብሎ ከተጻፈው ቁጥሬ ጋር ቆምኩ። ርቀቱ ያው ነው፤ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ስድስት ደቂቃ አሻሻልኩ፤ ከሰባት ሰዎች ሦስተኛ ወጣሁ። ከፊቴ የሮጠው ሰው ጀርባ ሰፊ ነበር። ልደርስበት እንደምችል ዓይኔ ነገረኝ፤ ያ ስሜት በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አልመጣልኝም ነበር። በዚያ የቨርጂኒያ ሙቀትና ወበቅ ትልቅ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ አያወጣም፤ እኛ ሰባታችን በአንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ነበርን፤ ውኃ ማደያው ላይም እየተጠባበቅን ጠጣን።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ በክብደት ምድብ መቆም እንደሚከብድ አውቃለሁ። አገራችንን ሲጠሩ አበበንና ደራርቱን የሚያስቡ ሰዎች ፊት 104 ኪሎ ይዞ መቆም ያሳፍራል ብሎ አንድ ጓደኛዬ ነግሮኛል። እኔ አላፈርኩም። መዋኘት የተማርኩት በጊዮን ሆቴል ገንዳ በ38 ዓመቴ ነው፤ ያገኘሁትን ሁሉ በላቤ ነው ያገኘሁት።

ስለ ሚዛን አንድ ነገር አደራ። ወሰኑ አካባቢ ያላችሁ፣ ከ97 እስከ 103 የምትሆኑ፣ የመንገድ ሚዛን አትመኑ። በአንድ ጠዋት ከአራት ኪሎ እስከ ቸርችል ጎዳና ድረስ ሦስት ልጆች ጋ በአሥር አሥር ብር ተመዘንኩ፤ 101፣ 106፣ 103.5 አሉኝ። ልጆቹን አልወቅስም፤ ሚዛኑ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ባልተስተካከለ ንጣፍ ላይ ስንቱ ወጥቶበት ወርዷል። ክሊኒክ ሂዱ፤ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በቀላል ልብስ። ለሁለት ሳምንት ያህል በየሦስት ቀኑ መዝግቡ። አዘጋጆቹ ውድድሩ ቀን ሊመዝኑ ይችላሉና 220 ላይ ሆኖ ስለ አንድ ፓውንድ እየተጨነቁ መጓዝ አያስፈልግም። የሚጾም ሰው ደግሞ ይህን ያስብ፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ 101 የነበረ ሰው ለፋሲካ 96 ሊሆን ይችላል። በየካቲት ያያችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ለሰኔ ውድድር በክብደት አትመዝገቡ።

የዕድሜ ምድብ የሚሻልበትም አለ፤ አልክድም። ታዋቂው የረጅም ርቀት ትራያትሎን፣ አይረንማን፣ ለዓለም ሻምፒዮናው ቦታ ሲሰጥ የሚያየው ዕድሜን እንጂ ክብደትን አይደለም፤ ሕልማችሁ እዚያ ከሆነ ክብደት መንገድ አይሆናችሁም። የክብደት ምድብ በሁሉም ውድድር የለም። በአንዳንዱም ሁለት ሰው ብቻ ይመዘገባል፤ ሁለት ሰው ውስጥ ሁለተኛ መውጣት ለእኔ ደስታ የለውም፤ ያለፈውን ዓመት ውጤት አይታችሁ ስንት ሰው እንደነበር ቁጠሩ። በዕድሜ የምትመዘገቡ ከሆነ ግን የልደት ዘመናችሁን ተጠንቀቁ። የሚቆጠረው በውድድሩ ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ የሚኖራችሁ ዕድሜ ነው። ኅዳር 1973 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ 1980 ነው፤ ስምንት ደምሮ 1981 ያጻፈ ብዙ አለ። ያ አንድ ዓመት ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ያሻግራል። ፓስፖርታችሁ የሚለውን ሙሉ፤ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ 79 ኪሎ ናት። «ምድቡን በኪሎ ሳይሆን አቴና ብለው መጥራታቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ውጤቱ በኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ሰው ኪሎዬን ያውቅብኛል» አለችኝ። ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ ዝርዝሩ ከ165 ፓውንድ በላይ መሆኗን ለሚያነብ ሁሉ ይናገራል። እንዲህ አልኳት፦ ያ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ዘንድሮ በዕድሜ ሩጪ፤ ነገር ግን ለቀላል ብስክሌት ብለሽ የዕቁብሽን ገንዘብ አትንኪ። ለሦስት ቀን አሰበችበትና አቴና ብላ ሞላች። ባለ 32 ሽቦ ጎማ እያሠራንላት ነው፤ እስካሁን 14,800 ብር ደርሷል፤ የቀረው የኋላው እምብርት ነው።

ከአምስቱ አንዱን ብቻ ወደ ዕድሜ ምድብ መልሼዋለሁ። ካዛንቺስ ክሊኒክ አብረን ሄደን 98.4 ኪሎ ሆነ። «ሁለት ኪሎ ምን አላት፤ እስከ ሐምሌ ክትፎ እበላለሁ» አለኝ። ሰውነቱን ለምድብ ብሎ የሚያከብድ ሰው ሩጫው ላይ ይከፍላል። ቅጹን በእኔ ስልክ ከፍተን፣ ከ35 እስከ 39 የሚለውን ነክቶ፣ እዚያው ቆሞ ከፈለ።