ለልጆቻችሁ ሶፍትዌር የምትፈልጉ ደሴዎች፣ ይህን ባለሙያ አነጋግሩት

ደሴ ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወንድም አለን። ዛሬ በሰው ፊት ላመሰግነው ነው የጻፍኩት።

ልጆቼ ራሳቸው አስበው የሚወስኑበት ሶፍትዌር ፈልጌ ነበር። ሌላ ቦታ ስጠይቅ ቀድሞ የሚነገረኝ ዋጋ ነው። እሱ ግን «እታለም፣ ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ቤት ኢንተርኔት አለ?» አለኝ።

ከዚያ የሚመርጥበትን መንገድ አስረዳኝ። ልጁ ሲሳሳት ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? ወዲያው መልሱን የሚነግረው ከሆነ፣ ልጁ መገመትን እንጂ መወሰንን አይማርም። ምርጫው ምን እንዳመጣ አይቶ ሌላ መንገድ የሚሞክርበትን ፈልጊ አለኝ። ማስታወቂያ የሚበዛበትን፣ ሽልማት እያዘነበ ልጅን ስክሪን ላይ የሚያስቀረውን ደግሞ ተዪው አለ። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ! የመረጠልኝ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ያስከፈለኝ የጫነበትን ብቻ ነው።

ለትልቋ ስክራች (Scratch) የሚባለውን ጫነላት። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ (MIT) በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። አማርኛም አለው። ልጅቷ የራሷን ጨዋታ ትሠራበታለች። «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን» እያለች ትእዛዞቹን ትገጣጥማለች። አሁን ጦሳ ተራራን የምትወጣ ፍየል ያለችበት ጨዋታ እየሠራች ነው። ፍየሏ ገደል ስትገባ፣ የትኛው ትእዛዝ እንደጣላት ራሷ ፈልጋ ታስተካክላለች። ይህን ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ለትንሹ ጂኮምፕሪ (GCompris) የሚባለውን ሰጠው። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን ከ100 በላይ ጨዋታዎች አሉት፤ ቼዝም አለበት። አንዴ ከተጫኑ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኔትወርክ ሲጠፋ ለምንቸገር ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በጣም የወደድኩለት ግን ሌላ ነው። «ሶፍትዌር ብቻውን አያስተምርም፤ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ለምን ይህን እንደመረጡ ጠይቂያቸው። ገበጣ ማጫወቱንም እንዳትተዪ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከየትኛው ጉድጓድ ጠጠር እንደሚያነሳ የሚያስብ ልጅ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ማስላት እየለመደ ነው።

ወንድሜ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ሥራህን ይባርክልህ!

ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ፣ አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ። እሱ ሲነካኩ አይቶ ነው የሚመርጥላቸው።