ፋሚሊሰርች፦ ዛፉን ተዉት፣ መዝገቡን እዩ

የቤተሰባችሁን ታሪክ ወደ ኋላ መቆፈር ለምትወዱ ሁሉ ፋሚሊሰርች የሚባለውን ድረ-ገጽ ሞክሩት እላለሁ። ነፃ ነው፣ አካውንት ብቻ ነው የሚያስከፍታችሁ። ባለቤቶቹ ሞርሞኖቹ (የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ናት) ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምረው በየሀገሩ የልደት የጋብቻ የቀብር መዝገብ በማይክሮፊልም (ገጹን አሳንሶ በሚይዝ የፎቶ ፊልም) ሲያነሱ ኖረው ወደ 2.4 ሚሊዮን ጥቅል አጠራቅመዋል፣ ያንን ስካን አድርገው የጨረሱት በ2021 ነው።

ዛፉ፣ ማለትም ማን ከማን እንደተወለደ የሚያሳየው የቤተሰብ ሐረግ፣ ግን የጋራ ነው፣ እናንተ ያስገባችሁትን የማታውቁት ሰው ሊቀይረው ይችላል፣ ትልቁ ጣጣ ደግሞ ስማቸው የተመሳሰለ ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ልጅ ሲሞትበት የሟቹን ስም ቀጥሎ ለሚወለደው ይሰጥ ነበር፣ ስለዚህ በአንድ ስም፣ በአንድ አባትና እናት ሁለት የጥምቀት መዝገብ ታገኛላችሁ። የቀብሩን መዝገብ ያላየ ሰው የመጀመሪያዋን ልደት ለሁለተኛዋ ይለጥፍና ያቺ ሕፃን ከቤተሰቡ ታሪክ ትጠፋለች፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ተወልዳ ስም ወጥቶላት የተለቀሰላት ልጅ ናትኮ!

ሌላው ቀኑ ነው። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ የሚቀየረው ማርች 25 ላይ ስለነበር በኤፕሪል 1730 ተጋብተው በፌብሩዋሪ 1730 ልጅ ያስጠመቁ ባልና ሚስት ብታዩ ሳይጋቡ ወለዱ እንዳትሉ፣ ፌብሩዋሪው ከሠርጉ አስር ወር በኋላ ነው። ሲስተሙ ቀኑ ልክ አይደለም ቢላችሁ እንኳን ዋናውን የመዝገብ ገጽ ሳታዩ ምንም አትንኩ።

የቤተሰብ ወሬም እንደዛው መፈተሽ አለበት። ብዙ አሜሪካውያን "ስማችንን ኤሊስ ደሴት (ድሮ ስደተኞች የሚገቡበት የኒውዮርክ በር) ላይ የቀየረብን ጸሐፊው ነው" ይላሉ፣ እዛ የነበሩት ተቆጣጣሪዎች ግን የሚሠሩት መርከቡ ይዞት በመጣው የተሳፋሪ ዝርዝር ነበር፣ ስሙን አብዛኛውን ጊዜ የቀየሩት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ኑሮ ከጀመሩ በኋላ።

እኔ በጣም የወደድኩት በ2024 የመጣውን የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ነው፣ የእጅ ጽሑፉን ማሽን ያነበዋል፣ ስለዚህ በሌላ ሰው ኑዛዜ ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመ አያታችሁ እንኳን ይወጣል። አነባበቡ ይሳሳታል፣ ስሙን በተለያየ አጻጻፍ ሞክሩ። ምስሉ ላይ የቁልፍ ምልክት ካያችሁ ደግሞ ከቤት ላይከፈት ይችላል፣ አንዳንዱን የምታዩት ማዕከሎቻቸው ሄዳችሁ ብቻ ነው።