ወለቃ፦ ሸክላው ደህና ነው፣ ሴትዮዋ ግን ትበልጣለች

የእህቴ ልጅ ከቦስተን መጥታ ጎንደር አንድ ሳምንት ከረመች። ግንቡን አየች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታ የጣሪያውን መላእክት ስታንጋጥጥ አንገቷን አመማት። በአራተኛው ቀን «እቴቴ፣ ድንጋይ በቃኝ፤ ሰው እጁን ጭቃ ሲያስነካ አሳዪኝ» አለች። ወለቃ ወሰድኳት።

ወለቃ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ናት። ባጃጅ በኮንትራት ያዝን። ዋጋውን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ልጅቷ አፏን ስትከፍት ሒሳቡ ጨመረብን። ቱሪስቱ ዛሬም «ፈላሻ መንደር» ይላታል፣ ስሙን ባለቤቶቹ፣ ቤተ እስራኤሎቹ (ኢትዮጵያውያን አይሁዶች)፣ ባይወዱትም።

መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ዕቃቸው አንድ ዓይነት ነው። የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፤ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው፤ ጀበና። አንዱ ሻጭ «የቀረነው ቤተ እስራኤሎች እኛ ነን» አለን። አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። እኔም አየሁት፣ እሷም አየችው። ምንም ሳንገዛ ወጣን።

ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብተን አንዲት ሸክላ ሠሪ ቤት ደረስን። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ስሜ ይቅር ስላለች ይቅር።

ሥራው እንዲህ ነው። የተሰበረ ሸክላ ወቅጣ ከጭቃው ጋር ትለውሳለች፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፣ በእጇ እያዞረች ነው የምታቆመው። በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ሲጠነክርላት በለሰለሰ የወንዝ ጠጠር ትፈትገዋለች፣ ያኔ ነው የሚያበራው። በመጨረሻ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል፤ እሱን አላየንም፣ ቀኑ አልነበረም።

ልጅቷ ጀበና ልሥራ አለች። አንገቱ ሦስት ጊዜ ወደቀባት። «ሆዱ ሳይጠነክር አንገት አይቀጠልም፣ ልጄ፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለቻት።

ከዚያ ያቺ ልጅ ፊት ለፊት «እርስዎ ቤተ እስራኤል ነዎት?» አለቻት። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሴትዮዋ ግን ምንም አልመሰላትም።

«አይደለሁም። ከጎረቤታችን ነው የተማርኩት። በ83 ሄዱ።»

በአገጯ አንድ ቤት አሳየችን። ቀደም ብለው በ1977 አካባቢ ብዙዎቹ በእግራቸው ሱዳን ወጥተው ነበር፤ በግንቦት 1983 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰደ። «ይሄ የእሳቸው ነው» አለች፣ የምትፈትግበትን ጠጠር እያሳየችን። መሃሉ ጎድጉዷል። «እናቴ ቡዳ ይበላሻል እያለች ወደ እነሱ ቤት እንዳልሄድ ትቆጣኝ ነበር። ውኃ የምንቀዳበት እንስራ ግን የእነሱ ነው።»

ቡና ስንጠጣ ልጅቷ የራሷን ወሬ አመጣች። ተማሪ እያለች ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕሊመዝ የሚባል ሙዚየም ወስደዋት ነበር። እንግሊዞች በ1620 (እዚህ ላይ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በመርከብ መጥተው የሰፈሩበት አገር ነው። በእንግሊዞቹ መንደር በኩል ያሉት ተዋንያን ናቸው፤ የዛሬ 400 ዓመት ሰው መስለው ያወራሉ፣ ስለ ስልክ ብትጠይቃቸው አያውቁም። የአገሬው ሰዎች፣ የዋምፓኖአጎች፣ ቤት ጋ ስትሄድ ግን የአጋዘን ቆዳ የለበሰው ሰውዬ እንደ ዛሬ ሰው ነው ያናገራት። ራሱ ተወላጅ ነው፣ አይተውንም። ግንድ በእሳት እያቃጠሉና እየፋቁ ጀልባ ሲያወጡ አይታለች። አንድ ልጅ «እናንተ አልጠፋችሁም እንዴ?» ሲለው ሰውዬው ስቆ «ታዲያ ማን እያናገረህ ነው?» አለው አሉ። ቋንቋቸው ከ100 ዓመት በላይ ተናጋሪ አልነበረውም፤ በ1663 በቋንቋቸው ከታተመ መጽሐፍ ቅዱስና ከድሮ ሰነዶች እየለቀሙ ነው ከ1993 ጀምሮ የመለሱት። ሙዚየሙም በ2020 ስሙ ላይ ፓቱክሴትን ጨመረ፤ የቦታው የዋምፓኖአግ ስም ነው።

«እዚያ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት» አለች። «እዚህ ባለቤቶቹ የሉም። እሷ ግን አልዋሸችንም።» እኔ ይህን ያህል አላሰብኩም ነበር፤ የሱቁ ሰውዬና ማተቡ ነበር አእምሮዬ ውስጥ የቀረው።

ለሚሄድ ሰው፦ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ጭቃው ተነስቷል። ዝርዝር ብር ያዙ፣ መልስ የላትም። ሽንት ቤቱን አልመክርም። ለማስተማሯ የተቆረጠ ዋጋ የለም፣ ስትጠየቅ ታፍራለች፤ እናንተ አትፈሩ፣ ደህና አድርጋችሁ ክፈሏት። ትንሿ አንበሳ እንኳ ከሱቆቹ ርካሽ ናት፤ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችን፣ ቤት ስንደርስ አንድ ጆሮዋ የለም። ሌላ ጊዜ የራሴን ጨርቅ ይዤ ነው የምሄደው።

የልጅቷን ጀበና እሷው አንገቱን ቀጥላ አብራ ተኩሳዋለች። ሲደወልልኝ ልጅቷ ተመልሳ ስለነበር ሄጄ አመጣሁት። ቡና ይፈላበታል። ትንሽ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ሲኒውን ወደዚያ ጠጋ ማድረግ ነው።