ኪትሱ፦ 140 ገጸ ባሕርያት ይዤ አንድ ዓመት ተኩል የሠራሁበት ሶፍትዌር

ነገሩ የጀመረው በአንድ ካባ ነው። በምንሠራው ጌም ውስጥ አንድ የጦር አዛዥ አለ። መጀመሪያ የተሳለለት ካባ መሬት የሚጠርግ ረጅም ነበር። ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ግን ጨርቁ በፈረሱ ጀርባ ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረ። ስለዚህ የኮንሴፕት አርቲስታችን (ገጸ ባሕርያቱን መጀመሪያ የሚስለው ሰው) ካባውን እስከ ዳሌ አሳጠረው። እኔም አዲሱን ሥዕል ሞዴሉን ለሚሠራልን የውጭ ስቱዲዮ በኢሜይል ላክሁ። የሥራ ዝርዝራችን ያለበት ኤክሴል ላይ ግን የድሮው ሥዕል ሊንክ እንዳለ ቀረ። እዚያ ያለው አርቲስት ደግሞ የሚያየው ኤክሴሉን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ረጅም ካባ እጥፋት በእጥፋት ሲቀርጽ ከረመ። ውብ ሥራ ነበር። ጌሙ ውስጥ ግን አልገባም።

የሰው ድካም እንደዚያ ሲጣል ማየት ያማል። በዚያው ሳምንት ኤክሴሉን ትተን ኪትሱ ወደሚባል የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ለመዛወር ወሰንን።

የምኖረው ሲያትል ነው። ሥራዬ የካራክተር አርት ፕሮዳክሽን ማስተባበር ነው። ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያስረክብ፣ ማን አይቶ እንደሚያጸድቅ እከታተላለሁ። የጌሙን ስም መናገር አልችልም፤ 140 ገጸ ባሕርያት አሉት ብል ይበቃል። ቢሮ ውስጥ ስድስት አርቲስቶች አሉን። የቀረውን ሁለት የውጭ ስቱዲዮዎች ይሠሩልናል፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው ኳላ ላምፑር ነው።

ከዚህ ሙያ ውጭ ላላችሁ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ይሳላል። ቀጥሎ ቁመናውና መጠኑ በጥሬው ይሞከራል። ከዚያ ዚብራሽ በሚባል የቅርጽ ማውጫ ፕሮግራም ላይ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ፖሊጎኖች (ሞዴሉ በሚገነባባቸው ትንንሽ ጠፍጣፋ ገጾች) ይቀረጻል። ያንን ጌሙ መሸከም ስለማይችል በላዩ ላይ ቀለል ያለ ሞዴል ይሠራለታል። ዩቪው ይዘረጋል፤ ማለትም ቀለም እንዲቀባበት የሞዴሉ ገጽ እንደ ጨርቅ ተተርትሮ ይነጠፋል። የከባዱ ሞዴል ዝርዝር ወደ ቀላሉ ይገለበጣል፤ ይህን ቤክ እንለዋለን። ከዚያ ቀለሙ፣ ዝገቱ፣ የቆዳው ላብ ሰብስታንስ ፔይንተር በሚባል ፕሮግራም ላይ ይሠራል። ጸጉሩ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሪጉ (ሞዴሉን የሚያንቀሳቅሰው አጥንት) ይከተላል፣ ከርቀት ሲታይ የሚተካው ቀላል ሞዴል ይከተላል፤ በመጨረሻ ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ኢንጂኑ ውስጥ ገብቶ ይፈተሻል። እኛ ጋ 11 ደረጃ ነው። 11 በ140 ሲባዛ 1540 ሥራ ይሆናል። ራስ ቁር ያጠለቁት ጸጉር ስለማያስፈልጋቸው ትንሽ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ለእርማት ይመለሳል። ይህን በኤክሴልና በኢሜይል መያዝ አይቻልም። ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ኪትሱን የሚሠራው ሲጂዋየር የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። በብራውዘር ይከፈታል። ዋናው ገጽ ትልቅ ሠንጠረዥ ነው፤ ወደ ታች ገጸ ባሕርያቱ ከነትንሽ ምስላቸው፣ ወደ ጎን የሥራ ደረጃዎቹ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ሳጥን ቀለም አለው፦ ያልተጀመረ፣ እየተሠራ ያለ፣ ማጽደቂያ የሚጠብቅ፣ ለእርማት የተመለሰ፣ ያለቀ። ሳጥኑን ስትጫኑት የዚያ ሥራ ታሪክ ሁሉ በጎን ይወጣል። ምስሉ፣ አስተያየቱ፣ ማን መቼ ምን እንዳለ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ካባው ቢያጥር አዲሱ ሥዕል የሚገባው አርቲስቱ በየቀኑ የሚከፍተው ቦታ ላይ ነው። ለእኔ ይህ ብቻ ዋጋውን ያወጣል።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ነው። ገብተን ሁለት ወር ሳይሞላን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ማጽደቂያ የሚጠብቁትን ብቻ ለይቼ አወጣሁ። 43 ሥራ መጣ። ከመካከላቸው 12 ቀን የተቀመጠ ነበር። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ በየስብሰባው የምንለው "የውጭ ስቱዲዮዎቹ ዘገዩ" ነበር። እነሱ አስረክበው ቁጭ ብለዋል። የዘገየነው እኛ ነን፤ አይቶ "ይሁን" ወይም "ይመለስ" የሚል ሰው ጠፍቶ ነው። ይህን ለአርት ዳይሬክተራችን በቃል ብነግረው ክርክር ይሆን ነበር። ገጹን ከፍቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና በዚያው ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓትን ለማየት ብቻ ዘጋ።

ሐሙስ የሆነው በምክንያት ነው። በበጋ ሲያትል ላይ ከሰዓት በኋላ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሲሆን፣ ኳላ ላምፑር ላይ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። እኛ ከቢሮ ስንወጣ እነሱ እየገቡ ነው። አስተያየቱ ሐሙስ ማታ ከደረሳቸው ዓርብን ይሠሩበታል። ዓርብ ማታ ከላክነው ግን እዚያ ቅዳሜ ነጋ። አንድ ቀን የቆየ አስተያየት ሦስት ቀን ይበላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የወደድኩት ነገር በምስሉ ላይ መሳል መቻሉ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ናት። የመጀመሪያው ሞዴል ሲመጣ ሹሩባው በገመድ ተጎንጉኖ ጭንቅላቷ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። መስመሩ ከግንባር ተነሥቶ ወደ ማጅራት አይሄድም፤ በየአቅጣጫው ይበታተናል። ጉንጉኑ ሥሩ ላይ ሳስቶ እየወፈረ መሄድ ሲገባው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እግሯ ሥር አስቀምጣ ስትሠራኝ ያደግሁ ሰው ነኝና ሳየው ስሕተቱን ለይቼ አወቅሁት። ግን በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋል? አልጻፍኩትም። ምስሉ ላይ በቀይ መስመር ክፍፍሉን ከግንባር እስከ ማጅራት ሳልኩት። ሥሩ ላይ ትንንሽ ክቦች አደረግሁ። አንድ ፎቶ አያያዝኩ። በሚቀጥለው ጊዜ የመጣው ሹሩባ ትክክለኛ ሹሩባ ነበር። ኳላ ላምፑር ያለችው አርቲስት የኔን አገር አታውቅም፤ መስመሩን ግን ገባት። ያን ቀን በጣም ደስ አለኝ።

ለውጭ ስቱዲዮዎች የተለየ የመግቢያ ፈቃድ አለው። የተሰጣቸውን ሥራ ብቻ ያያሉ፤ የሌላውን አያዩም። ገና ያልተገለጠ ጌም ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደማይሠራው ልምጣ። ኪትሱ የፋይል ማከማቻ አይደለም። ትክክለኛው የዚብራሽና የማያ (ሌላው የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም) ፋይል ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ እኛ ፐርፎርስ በሚባል የፋይል ማከማቻ ሶፍትዌር ላይ እናስቀምጣለን። ኪትሱ ላይ የሚገባው ማሳያው ነው። በመሠረቱ ለአኒሜሽን ስቱዲዮ የተሠራ ስለሆነ ሾት፣ ሲኩዌንስ የሚሉ የፊልም ቃላት ታገኛላችሁ። ፕሮዳክሽኑን ስትከፍቱ አሴት (እንደ ገጸ ባሕርይና ዕቃ ያለ ለብቻው የሚሠራ ነገር) ብቻ የሚለውን ዓይነት ምረጡ፤ ብዙው ግርግር ይጠፋል። ሌላው ደግሞ "ያለቀ" የሚለው አረንጓዴ ሳጥን ጌሙ ውስጥ መሥራቱን አያውቅም። ገጸ ባሕርይው አምሮ ጸድቆ፣ ኢንጂኑ ውስጥ ሲገባ ክንዱን ሲያነሣ ትከሻው ሊሰበር ይችላል። ለዚህ ነው አስራ አንደኛውን ደረጃ ራሳችን የጨመርነው። የራስን ደረጃና የራስን ቀለም መጨመር ቀላል ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ካላችሁ ደግሞ ጋዙ በሚባለው ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ኪትሱን ከሌላ መሣሪያ ጋር ያገናኘዋል።

ብዙ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ለዚሁ ሥራ የሚጠቀሙት ኦቶዴስክ የሚባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ሾትገን ይባል ነበር። ኦቶዴስክ በ2014 ገዛው፣ በ2021 ሾትግሪድ አለው፣ በ2024 ደግሞ ፍሎው ፕሮዳክሽን ትራኪንግ። ሰው አሁንም ሾትገን ይለዋል። በሌላ ሥራ ላይ ተጠቅሜበታለሁ። ኃይለኛ ነው፤ እንደፈለጋችሁ ትጠመዝዙታላችሁ። ነገር ግን በሰው ቁጥር ይከፈልበታል፤ የሚያስተዳድረው የተመደበ ሰውም ይፈልጋል። አምስት መቶ ሰው ላለው ስቱዲዮ እሱን እመርጣለሁ። ለእኛ መጠን ኪትሱን።

የኪትሱ ኮድ ክፍት ነው። ኩባንያው ራሱ እንዲያስተዳድርላችሁ ከፈለጋችሁ ትከፍላላችሁ። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ከጫናችሁት ነፃ ነው። ይህን በአማርኛ የምጽፈውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ብሌንደር በሚባለው ነፃ የ3ዲ ፕሮግራም የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ከዚያ ሆኖ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ነገር መያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነግረውኛል። ኪትሱ ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም እዚያው በቢሮው ኔትወርክ ይሠራል። ለሙከራ በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያስነሣ መሣሪያ) የሚነሣ ዝግጁ ቅጂ አለው።

ስትጀምሩ 11 ደረጃ አታድርጉ። ሦስት ገጸ ባሕርይና አራት ደረጃ ይበቃል፦ ሥዕል፣ ሞዴል፣ ቴክስቸር (ቀለሙና ገጽታው)፣ ሪግ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር በስም ወስኑ፤ የሚያጸድቀው ማን ነው? ሁለት ሰው አትጻፉ።