የኢሜይል ፓስወርዴን ከብራውዘሩ ካወጣሁ ዘጠኝ ወር

ነገሩን ያመጣው የወንድሜ ልጅ አሳይመንት ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ የሚያድረው እኛ ጋ ነው። አንድ ማታ ሳሎን ባለው ኮምፒውተር አሳይመንቱን ለመምህሩ ላከ። በነጋታው መልሱ ለእኔ መጣ። «ገጽ ሦስት ላይ ምንጭ ይጎድላል» ይላል። ለካ በእኔ ኢሜይል ኖሯል የላከው። «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ስከፍተው ዝም ብሎ ገባ» አለኝ። እውነቱን ነው። ብራውዘሩ ፓስወርዴን ይዞልኛል፤ ማን እንደተቀመጠ ግን አያይም።

ከዚያ የባሰ አየሁ። ሴቲንግ ገብቼ የዓይን ምልክቷን ስጫን ፓስወርዶቼ አንድ በአንድ ተነበቡ። ከማሳየቱ በፊት የሚጠይቀው የዊንዶውስ ፓስወርድ ነው፤ እኔ ደግሞ ዊንዶውሱን ያለ ፓስወርድ ነበር የምከፍተው። በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ በጠዋት፣ በደነዘዘ ጣት ማን ይጽፋል ብዬ።

ጥቅምት ላይ ኪፓስኤክስሲ (KeePassXC) የሚባል የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ጫንኩ። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል። ፓስወርዶቹን በአንድ የተቆለፈ ፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ከሌለ ኢሜይሉስ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን የዋይፋዩም፣ የተቆለፉ ሰነዶቼም ፓስወርድ እዚያው ነው ያለው።

በቃሌ የምይዘው አንድ ዋና ፓስወርድ ብቻ ነው። ስልክ ቁጥርና የልደት ቀን አያዋጣም። አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት መርጬ በላቲን ፊደል ጻፍኳቸው። ባና፣ ጭልፋ፣ ሐሙስ፣ ድንበር፣ ቆሎ እንደማለት። (እነዚህ አይደሉም፤ አትድከሙ።) ለኢሜይሉ ግን ፕሮግራሙ ራሱ ዝብርቅርቁ የወጣ ረጅም ፓስወርድ ፈጠረልኝ። ኮፒ ስታደርጉት ኮፒው ከ10 ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ ይህ በጣም አናዶኝ ነበር፤ ገጹ እየተንቀራፈፈ እስኪከፈት ፓስወርዱ የለም። በኋላ ሴቲንጉ ላይ 30 አደረግሁት።

የራሱ የስልክ አፕ የለውም። በአንድሮይድ ኪፓስዲኤክስ የሚባል ሌላ አፕ ያንኑ ፋይል ይከፍታል፤ ፋይሉን ማመላለሱ ግን የእናንተ ሥራ ነው። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሞክራ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ደብተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚሰርቀው ስለሌለ ዝም አልኳት።

ሚያዝያ ላይ ጉድ ሆንኩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃርድ ዲስኩ አልነሳ አለ። ፍላሽ ላይ ያለኝ ቅጂ የጥር ነው፤ የኢሜይል ፓስወርዱን የቀየርኩት ደግሞ መጋቢት። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ከቀየሩ በኋላ መገልበጥ ነበር። ስልኬ ላይ በመጣ ኮድ ኢሜይሉን መልሼ ያዝኩ። ሲሙ ጠፍቶ ቢሆንስ? ጂሜይል ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ስታበሩ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ማውጣት ይቻላል፤ እያንዳንዱ 8 አሃዝ፣ የሚሠራውም አንዴ ብቻ። በዚያው ሳምንት አትሜ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀመጥኩ። የኪፓስኤክስሲን ዋና ፓስወርድ ከረሳችሁ ግን «ረሳሁ» የሚል ቁልፍ የለውም፤ የሚደወልለትም ሰው የለም።

ታዲያ ብራውዘር ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው? አይደለም። ኮምፒውተሩ የእናንተ ብቻ ከሆነ፣ ዊንዶውሱም ፓስወርድ ካለው፣ የኳስ ዜና የምታነቡበትን ገጽ ፓስወርድ አስቀምጡ። ኢሜይልን ግን አላስቀምጥም። የሌላው ሁሉ «ፓስወርድ ረሳሁ» መልእክት የሚመጣው እዚያ ነውና፣ ኢሜይሉን የያዘ ፌስቡኩንም ሌላውንም ለመሞከር መንገድ አገኘ። ደግሞ የቤት ሰው ብቻ አይደለም ችግሩ። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ በሚዞሩ ክራክ ፕሮግራሞች ውስጥ ብራውዘር የያዘውን ፓስወርድ ለቅሞ የሚልክ ቫይረስ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ከገባ ኪፓስኤክስሲም ክፍት በሆነበት ሰዓት አያስጥላችሁም። እኔ ክራኮቹን አራግፌያለሁ፤ ከአንዱ በቀር። እሱንም አወጣዋለሁ።

አሁን ልጁ የራሱ የዊንዶውስ አካውንት አለው። እኔም በውርጩ ፓስወርድ እጽፋለሁ። ፍላሾቹ ሁለት ሆነዋል፤ አንዱ ሸዋ ሮቢት እህቴ ጋ ነው። ለበዓል ስትመጣ ይዛው ትመጣለች፤ አዲሱን ቅጂ ጭኜ እመልስላታለሁ። ምን እንዳለበት አልነገርኳትም፤ የልጆቹ ፎቶ ይመስላታል።