ለቢዝነስ ቴክኖሎጂ አሳይመንት መረጃ ከየት? ነፃና የሚከፈልባቸው ምንጮች በጎጃም ተማሪ ኪስ ሲመዘኑ

በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር ወይም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት የሚከታተል ሰው ይዋል ይደር እንጂ «የዲጂታል ክፍያ ዕድገት በኢትዮጵያ» ወይም «አነስተኛ ድርጅቶችና የክላውድ አገልግሎት» የሚል ዓይነት አሳይመንት ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ መረጃው ከየት ይገኛል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ብዙዎች ጮክ ብለው የማይጠይቁት፣ ስንት ያስወጣል የሚለው ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ምንጮች አንዳንዶቹ ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ አንዳንዶቹ በዶላር የሚሸጡ፣ አንዳንዶቹም ከግቢው በር ፊት ለፊት በፍላሽ የሚገለበጡ ናቸው። የመዘንኋቸው የኢትዮጵያን ጉዳይ ምን ያህል ይመልሳሉ፣ መስመር ሲቋረጥ ከእጅ ይቀራሉ ወይ፣ መምህሩ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ሲል መልስ ያስገኛሉ ወይ በሚለው ነው።

ለጽንሰ ሐሳብና ለቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ጎግል ስኮላርን የሚያህል መነሻ የለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ መፈለጊያ ራሱ መጽሔት ሳይሆን የሌሎችን ጽሑፍ የሚጠቁም ማውጫ ነው። ስለዚህ ርዕሱን ሲጫኑት 30 ወይም 40 ዶላር የሚጠይቅ ገጽ ቢመጣ ጽሑፉ አይገኝም ብሎ መተው አይገባም። ከውጤቱ በስተቀኝ የፒዲኤፍ ምልክት ካለ ፋይሉ ክፍት ነው፤ ከሌለም ከሥር ያለውን የሌሎች ቅጂዎች ዝርዝር ቢከፍቱ፣ ደራሲው በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ያስቀመጠው ቅጂ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የኢንዱስትሪ አዝማሚያ ለሚያጠና ሰው ደግሞ ከግራ በኩል ያለው የዓመተ ምሕረት ማጣሪያ ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ የሚቀድሙት ብዙ የተጠቀሱት፣ ማለትም በአብዛኛው የቆዩት፣ ናቸው።

ሪሰርች ፎር ላይፍ ከዚህ የሚለየው የተዘጋውን በር ራሱ በመክፈቱ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በጤና መጽሔቶች የጀመረው ይህ ፕሮግራም ለቴክኖሎጂና ለኢኖቬሽን አርዲ የተባለ ክፍል ያለው ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ክፍያ ከማይጠየቁት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ችግሩ ፈቃዱ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አለመሆኑ ነው፤ የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው መጠየቅ ያስፈልጋል። በዶላር የሚሸጥን ጽሑፍ እያየ የሚቆጭ ተማሪ ሁለት ፎቅ ወርዶ ይህን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ሲመረቅ አይቻለሁ። የምሁራን መጽሔቶች ማኅደር የሆነው ጄስቶር በነፃ አካውንት በ30 ቀን እስከ 100 ጽሑፍ ያስነብባል፤ ሆኖም የሚነበበው መስመር ላይ ሆኖ ስለሆነና ብዙዎቹ መጽሔቶች አዳዲስ ዕትሞቻቸውን ለጥቂት ዓመታት ስለሚያቆዩ፣ ለንድፈ ሐሳብ እንጂ ለትኩስ ጉዳይ አይመችም። የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚያሰባስበው አጆል መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሥራ ይገኝበታል።

ወደሚከፈልባቸው ስንመጣ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የስታቲስቲክስ አቅራቢው ድረ ገጽ ስታቲስታ ነው። ሠንጠረዦቹ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከሌሎች የተሰበሰቡ አኃዞችም በብዛት ስላሉበት፣ ምንጩን ተከትሎ ወደ ባለቤቱ መሄድ ያዋጣል። የኢትዮጵያ አኃዝ ከዓለም ባንክ የተወሰደ ሆኖ ከተገኘ፣ ዓለም ባንክ ያንኑ በነፃ ስለሚሰጥ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም። የቴክኖሎጂ ገበያን የሚያጠናው ኩባንያ ጋርትነር በ1995 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው የቴክኖሎጂ ግለት ኩርባ (ሃይፕ ሳይክል) ይታወቃል፤ አንድ ፈጠራ በመጀመሪያ ከልክ በላይ ተወርቶለት፣ ከዚያ ተስፋ ተቆርጦበት፣ በመጨረሻ ቦታውን እስኪይዝ የሚያልፍባቸውን አምስት ደረጃዎች ያሳያል። ሐሳቡ ለአሳይመንት መግቢያ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ሪፖርቱ ግን ለትልልቅ ኩባንያዎች በሚመጥን ዋጋ የሚሸጥ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ለጋዜጠኞች የሚያወጣው መግለጫ ለተማሪ ይበቃል። ከሶፍትዌር ሻጮች ድረ ገጽ «ኢሜይልዎን ያስገቡና ሪፖርቱን ይውሰዱ» ተብሎ የሚሰጠው ቅጂ በነፃ መገኘቱ ሻጩ በውጤቱ ስለተመሰገነ መሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል። በዚያ ላይ የተለመደው የብር ኤቲኤም ካርድ ለውጭ ድረ ገጽ ክፍያ ስለማያገለግል፣ መግዛት ማለት ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድን ማስቸገር ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው የኢትዮጵያ አኃዝ ላይ ነው፤ እዚህ ምንጭ መምረጥ ማለት የማንን ቆጠራ እንደሚጠቀሙ መምረጥ ነው። የዓለም ባንክ ግሎባል ፊንዴክስ ሰዎችን በመጠይቅ ያነጋግራል፤ በእሱ መሠረት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን የባንክ፣ የሌላ የፋይናንስ ተቋም ወይም የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ያላቸው በ2017 እ.ኤ.አ. 35 በመቶ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ 46 በመቶ ነበሩ። የቴሌኮምና የባንክ ድርጅቶች ሪፖርት ግን የሚቆጥረው የተመዘገበ ደንበኛን ነው። አንድ የብቸና ጤፍ ነጋዴ ቴሌብርም፣ ሲቢኢ ብርም፣ ኤምፔሳም ቢኖረው፣ ፊንዴክስ ዘንድ አንድ ሰው ሲሆን በድርጅቶቹ ሪፖርት ድምር ሦስት ይሆናል፤ ከሦስቱ ሁለቱን ከተመዘገበ ወዲህ ነክቷቸው ባያውቅ እንኳ። ሁለቱ አኃዞች አይጣሉም፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። «ምን ያህል ሕዝብ ተጠቃሚ ሆነ?» ለሚል አሳይመንት ፊንዴክስን፣ «ገበያው በምን ፍጥነት እያደገ ነው?» ለሚል የድርጅቶቹንና የብሔራዊ ባንክን ዓመታዊ ሪፖርት እመርጣለሁ። ፊንዴክስ የሚወጣው በየሦስት ዓመቱ ገደማ ስለሆነ በመካከል ያለውን ለውጥ አያሳይም፤ የብሔራዊ ባንክ ሪፖርት በየዓመቱ ይወጣል፣ ነገር ግን የገጠሩንና የከተማውን፣ የሴቱንና የወንዱን ልዩነት እንደ ፊንዴክስ አይዘረዝርም።

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። ታናሽ ወንድሜ ያሳየኝ ረቂቅ «ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ አገኘ» ብሎ በእንግሊዝኛ ከጻፈ በኋላ፣ ቴሌብር ለዚህ ያደረገውን አስተዋጽኦ ይተነትን ነበር። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ግንቦት 11 ቀን 2021 ነው፤ ስለዚህ አንባቢው 2016ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ከወሰደው አገልግሎቱ ከመወለዱ አምስት ዓመት በፊት ገቢ ሲያመጣ ሊያይ ነው። የእኛ 2016 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ያለው ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ 2023/24 ተብሎ መግባት አለበት። ከአገር ውስጥ ሪፖርትና ከዓለም ባንክ የተገኙ አኃዞችን በአንድ ሠንጠረዥ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ሳያስተካክል አንድም መስመር መሳል የለበትም።

ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ብዙ የምለው የለኝም። የድሮ ተመራቂዎችን ጥናት በፍላሽ የሚሸጡት ርካሽ ናቸው፤ እኔም በመጀመሪያ ዲግሪዬ ጊዜ አንዱን ገዝቼ፣ ስሙን ቀይሬ ልሰጥ ስል ምዕራፍ አራት ላይ ጥናቱ የተካሄደበት ከተማ ሦስት ጊዜ ተለዋውጦ አገኘሁት። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደቀየረው እግዜር ይወቀው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማውጊያዎች ሐሳብን ለማደራጀትና እንግሊዝኛን ለማቅናት ከዚህ እጅግ ይሻላሉ፤ የሌለ ጽሑፍን ከነደራሲውና ከነዓመተ ምሕረቱ ፈጥረው ስለሚሰጡ ግን ለሪፈረንስ አይታመኑም። የጠቀሱትን እያንዳንዱን ርዕስ ስኮላር ላይ አስገብቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ያለችው ብር ውስን ከሆነ በቅድሚያ ለዳታ ፓኬጅ፣ ቀጥሎ ለሕትመት ትዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የተረፉት ፋይሉን ቀድመው ያወረዱት እንጂ ሊንኩን ያስቀመጡት አልነበሩም፤ ሊንክ ብቻ መያዝ በእኛ አካባቢ እንደ መያዝ አይቆጠርም። ርዕሱ ደግሞ እንደ ቡሬ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም እንደ ፍኖተ ሰላም በቆሎ ነጋዴዎች ጠበብ ያለ ከሆነ፣ በዶላር ከሚሸጠው ሪፖርት ይልቅ የዞኑ ንግድ መምሪያ ብዙ ይመልሳል። ለዚያ የሚያስፈልገው ከትምህርት ክፍሉ የሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ማኅተሙ በግልጽ ያረፈበት ይሁን፣ መዝገብ ቤቱም ዋናውን ሊያስቀር ስለሚችል ሁለት ኮፒ አብሮ መያዝ ይበጃል።